ዲክላይን የሚሉት ቃል

ፀሐይ ዘንበል ትላለች፣ ከጦሳ ተራራ አናት ላይ። ጥላው ይወርዳል በደሴ ጣሪያዎች ላይ፣ ቀስ እያለ፣ ሰፈር በሰፈር…

ፀሐይ ዘንበል ስትል ዘምዘም ከገበያ ትመለሳለች። በራፉ ላይ ይጠብቃታል ጎረቤቷ ጋሽ ይልቃል፣ ጡረታ የወጣው የእንግሊዝኛ መምህር፣ የቃላት መጻፊያ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

መዝገበ ቃላት ይጽፋል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ። ከሰው አፍ ያልሰማውን ፍቺ አይጽፍም። የነገረውንም ሰው ስም ከካርዱ ግርጌ ያሰፍራል። ቃል ባለቤት አለው ባይ ነው።

ስንቱ ካርድ ላይ አለች ዘምዘም! ባሏ ከሞተ፣ ልጆቿም ጅዳ ከገቡ ወዲህ፣ ምን ትያለሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። እሱ ብቻ ይጠይቃታል።

«ዲክላይን» አላት አንድ ቀን። «ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ ዘንበል ማለት ነው። መቀነስም ይሆናል፣ በትሕትና እምቢ ማለትም። እኛ ምን እንላለን?»

«ፀሐይ ከሆነች አዘቀዘቀች ነው ጋሽዬ። ገበያ ከሆነ ተቀዛቀዘ። ወንዝ ከሆነ ጎደለ።»

«ሰውስ?»

ትንሽ አሰበች። «ሰው… ደከመ ነው የሚባል።»

ጻፈ። ስሟንም ጻፈ።

በማግስቱ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ «ዲክላይን» አላት። የሚቀልድ መስሏት ሳቀች።

በሦስተኛው ቀንም ጠየቃት። ያን ቀን አልሳቀችም።

እንዲህ ሲጠይቃት ወር ሞላ። አንድ ቀን ውሃ ሊጠጣ ወደ ጓዳ ሲገባ የካርዶቹን መሳቢያ ከፍታ አየች። ያው ቃል፣ ያው ፍቺ፣ በሠላሳ ካርድ ላይ። ያችው ዘምዘም፣ ሠላሳ ጊዜ። ጽሕፈቱ ብቻ እየተንጋደደ ሄዷል። እዚያው ቆማ አለቀሰች።

ለማን ትንገር? አዳማ ያለው ልጁ ቢሰማ መጥቶ ይወስደዋል። እሷስ ከዚያ ወዲያ በማን በራፍ ላይ ትቆማለች? ለእሱ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ትላለች። ለራሷም ነበር።

ፀሐይ ዘንበል ትላለች… ዘምዘም ትመጣለች… እሱ ይጠይቃል። አዘቀዘቀች፣ ተቀዛቀዘ፣ ጎደለ…

ትናንትም ጠየቃት፤ ትናንትም መለሰች። ጻፈ። ከግርጌው ሲደርስ ግን እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብሎ አያት፣ ሃያ ዓመት አንቺ ሲላት የኖረውን ሴት።

«ይቅርታ እትዬ… ስምዎን ማን ልበል?»

«ዘምዘም» አለችው፣ ቀስ ብላ። «ዘምዘም እንድሪስ። ጎረቤትዎ ነኝ።»

«ጎበዝ! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» አለ ደስ ብሎት፣ እየጻፈ።

ቤቷ ገባች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ አዳማ ደወለች።

«ና ልጄ» አለችው፤ «ና፣ አባትህን ውሰዳቸው።»