ለእኔ ተብሎ የተነገረው

ወንድሜ አንለይ መሬቴን ስለያዘብኝ ብቻ አይደለም የምቆጨው። መሬትማ ስንቱ ይወሰድበታል። እኔን ያነደደኝ በእኔው ስም ቆሞ፣ ለእኔ ተናግሮ መውሰዱ ነው።

ባሌ በሞተ ዓመት የአባታችን ርስት ይካፈል ብዬ ሽማግሌዎች ፊት ቀረብሁ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ ሲወርዱ ከመንደራችን ራስጌ ያለው ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍ የጣሉበት አያፍርም። አፌን ስከፍት አንዱ ሽማግሌ፣

«ሴትዮ፣ ተናጋሪሽን አምጪ» አሉኝ።

«ተናጋሪዬማ ምላሴ ናት።»

ሳቁብኝ። «ወንድምሽ እዚህ ቆሞ የለም? እሱ ይናገርልሽ።»

ባላጋራዬን ጠበቃዬ አደረጉት። አንለይም ጋቢውን አጣፍቶ ብድግ አለ። «እህቴ የምትለው፣ መሬቱን ወንድሜ ይረሰው፣ እኔን ይጡረኝ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ «ይህ ነው ወንድምነት!» ብለው መረቁን። እኔም እንደ በግ ቆሜ ተመረቅሁ።

ከዚያ ወዲህ አውድማ በተነሣ ቁጥር አንለይ ጤፍ ያስጭንልኛል። ከገዛ መሬቴ የወጣውን እህል ደጄ ላይ ቆሜ ተቀብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ይህችን ቃል በየዓመቱ ስላት እንደ ኮሶ ነው የምትመረኝ።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ኮረብታው ላይ ባቆመው ምሽግ ውስጥ የሚሠራ አንድ አስተርጓሚ ገበያ ላይ ጠጋ አለኝ። የአገሬ ሰው ነው፤ ኮት ለብሷል።

«እቴናት፣ የአዲሱ መንግሥት ሹም የሴት አቤቱታም ይሰማል። ነይና ራስሽ ተናገሪ። ደግሞ ወንድምሽ ለሽፍቶቹ ስንቅ ያቀብላል ይባላል። እሱንም ከጨመርሽበት መሬቱ ሙሉውን ያንቺ ነው።»

ሽፍቶች የሚላቸው አርበኞቻችንን ነው። አንለይ እንደሚያበላቸው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አልዋሽም፣ «ራስሽ ተናገሪ» ያላት ቃል ልቤ ውስጥ ገባች። ስንት ዘመን የጠበቅኋት ቃል ናት።

ማታ ለልጄ ለወለላ ነገርኋት። ወለላ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ አፏ እንደ እኔ የማያርፍ ልጅ ናት።

«እማ፣ ይሰቅሉታል እኮ!»

«እኔን ከሰቀለኝ ስንት ዓመቱ!»

«አንቺ እኮ አሁን እራትሽን በልተሻል።»

ሌማቱን ገፋ አደረግሁት። እሷ ግን አላበቃችም። «መጀመሪያ የእኛን ሸንጎ እይ። ከዚያ ወዲያ ምሽጉም ቢሆን ሂጂ።»

የእነሱ ሸንጎ የምትለው የመምህር የሽዋስን ነው። የሽዋስ ከተማ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ሲዘጋ እኛ መንደር ገባ። ከምሽጉ በማይታየው ሸለቆ ውስጥ፣ ዋንዛ ሥር፣ ወጣቶቹን ሰብስቦ በሥራ ቀን ማንበብ ያስተምራል፤ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሸንጎ ያስይዛቸዋል። መንደሩ «ዕቃ ዕቃ ጨዋታ» ይለዋል። እኔም የሄድሁት ልስቅባቸው ነበር።

የዚያን ዕለት የቀረበው የምንጩ ነገር ነው። ዘሪቱ የምትባል የሸማኔ ልጅ ከብቶች ምንጩን አደፈረሱት ብላ ከስሳለች። የሚመልስላት የአንለይ ልጅ ታረቀኝ ነው፤ ከብቶቹ የአባቱ ናቸውና። ልጁ ገና «ከጥንት ጀምሮ…» ሲል ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው ወጣት አስቆመው። «መጀመሪያ የእሷን ነገር መልሰህ ተናገር።»

ለካ ሥርዓታቸው ይህ ኖሯል። የባላጋራህን ነገር በራስህ አፍ ትደግማለህ። እሱ «ይኸው ነው» እስኪልህ ድረስ የራስህን መናገር አትችልም። ዳኛውም በየሰንበቱ ይለወጣል፤ ሴቱም ወንዱም ተራ አለው።

ታረቀኝ ደገመ፣ ተሳሳተ፣ ተሳቀበት። እንደገና፣ «ውኃ የምቀዳው እኔ ነኝ፤ ድፍርሱን የምታጠልለው እናቴ ናት፤ የሚያመው ታናሽ ወንድሜ ነው… ነው የምትለው» አለ። የራሱን ነገር ሳይጀምር፣ «እኔ ከብቶቹን ከምንጩ በታች አጠጣለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ልስቅ የሄድሁት ሴትዮ ሳልስቅ ቀረሁ። ደንዳና ነኝና ግን የሽዋስን ጠየቅሁት። «መምህር፣ አገር በጣሊያን እጅ ሆና የምንጭ ክርክር ምን ይረባል?»

«ጣሊያን የወጣ ዕለት ደግሞ ‹ተናጋሪሽን አምጪ› እንዳይሉዎት ነው፣ እትዬ» አለኝ።

ወለላ ወሬዬን አንድም ሳታስቀር ነግራዋለች! አፈርሁ፣ ተናደድሁ፣ ወደ ቤቴ ሄድሁ። የምሽጉን ነገር ከልቤ ያወጣሁት ግን በዚያው መንገድ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ሰንበት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አንለይን ጠበቅሁት። የጋቢውን ጫፍ ያዝሁና ከነጠላዬ ጫፍ ጋራ ቋጠርሁት። በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ነው ዳኛ ፊት የሚሄዱት፤ ቁራኛ ነው።

«አንቺ፣ አበድሽ?»

«አላበድሁም፣ አያ። ተቆራኝቼሃለሁ። ከፈለግህ ፍታውና፣ ለአገሬ ሕግ እዋጋለሁ ለሚሉት እንግዶችህ፣ ሕግ ፈትቼ መጣሁ በላቸው።»

ሰው ከበበን። አንለይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወዴት ልትጎትቺኝ ነው? ወደ ምሽጉ?»

ፊቱ አመድ መስሏል። ለካ የአስተርጓሚው ወሬ ደርሶት ኖሯል። ለካ ይህን ሁሉ ቀን እህቴ ታስይዘኛለች ሲል ከርሟል።

«ወደ ዋንዛው ነው» አልሁት።

በረጅሙ ተነፈሰ። ከዋንዛው ስንደርስ ግን ዳኛዋን አየና እንደገና ፎከረ። የዚያን ሰንበት ባለተራ ዘሪቱ ናት።

«የሸማኔ ልጅ ልትፈርድብኝ?»

«አያ አንለይ» አለች ዘሪቱ፣ «የለበሱት ጋቢ የአባቴ ሥራ ነው። እሱ ካልከበደዎት እኔም አልከብድዎትም።»

ሸለቆው በሳቅ ተሞላ። አንለይ ተቀመጠ፤ ቋጠሮው ስለሳበኝ እኔም አብሬ ተቀመጥሁ። ከዚያ ተናገሪ ሲሉኝ ተነሣሁ። ስንት ዓመት ሌሊት ለሌሊት ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋኝ። የወጣኝ ይህ ብቻ ነው፦

«አባታችን ለሁለታችን ነው የሞተው። አንተ እኔን ሳትጠይቅ በስሜ ተናገርህ። እህል ስትልክልኝ የራሴን ለምኜ የምበላ አደረግኸኝ። የምፈልገው ድርሻዬን ነው፤ ጧሪ አልፈልግም።»

«ይድገሙት» አለችው ዘሪቱ።

«እህል አነሰኝ ነው የምትለው።»

«አላልሁም።»

«ወንድሜ ሌባ ነው ነው የምትለው።»

«አላልሁም!»

ወጣቶቹ ተንጫጩ። ታረቀኝ በአባቱ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። «አባ፣ ስማት እንጂ» አለ። አንለይ ልጁን አየው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ እንደገና በይው» አለኝ።

ወንድሜ በሕይወቱ እንደገና በይው ብሎኝ አያውቅም። አልሁት። አሁን እያንዳንዷን ቃል እየተከተለ ደገማት። «…የራሴን ለምኜ የምበላ አደረግኸኝ» ከምትለው ሲደርስ ዓይኑን ወደ ቋጠሮው ጣለ።

«ይኸው ነው» አልሁ።

ተራው የእሱ ሆነ። «አባታችን ሲሞት እህትህን አደራ አለኝ። ሌላ ባል ብታገባ ባዕድ በሬ ከደጄ ያርሳል ብዬ ፈራሁ። ይዤ ባቆይላት ይሻላል አልሁ። ይዤ ስቆይ ለመድሁት።»

አሁን እኔ ልደግም ነው። «ሰበብ አገኘሁ ነው የሚለው» አልሁ።

«እሳቸው ሰበብ አላሉም፣ እትዬ» አለች ዘሪቱ።

እነሆ ጉድ! ምላሴ ተናጋሪዬ ናት ብዬ የፎከርሁ ሴት የወንድሜን ነገር ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ዋንዛውን አየሁ፣ እግሬን አየሁ። ከዚያ ጀመርሁት፤ አደራውን፣ ፍርሃቱን፣ መልመዱን፣ አንድም ሳላስቀር። «ለመድሁት» ስል አንለይ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ይኸው ነው» አለ።

ዘሪቱ ከጓደኞቿ ጋራ መክራ ፈረደች። መሬቱ እኩል ይከፈል፤ እርሻ ሳይጀመር ድንበር ይተከል፤ ከእንግዲህ ማንም ለማንም ሳይጠየቅ አይናገር።

አንለይ የሙግት ሰው ነውና ከቆየ ልማዱ ብድግ አለ። «ይግባኝ!»

«ለማን?» አለች ዘሪቱ።

ንጉሡ በባሕር ማዶ ናቸው። በከተማው ዳኛ ወንበር የተቀመጠው ጣሊያን ነው። አንለይ ምሽጉ ወዳለበት ኮረብታ ቀና አለ፤ ልጁን አየ፤ ጣቱን አንሥቶ እንደ ቆመ ቀረ።

«ለእናንተው» አለ በመጨረሻ። «ሰንበት ደግማችሁ ስሙኝ።»

«ይሰማል» አለች።

ወለላ እማን ሌላ ሳምንት መጠበቅ ያናድዳታል ብላ በስጋት ታየኛለች። እኔም መናደዴ አልቀረም። ቢሆንም ጎንበስ ብዬ ቋጠሮውን ፈታሁና፣ «ሰንበት በራስህ እግር ና» አልሁት።

መጣ። አወቀ የሚባል ወጣት ዳኛ ሆኖ ያንኑ ፈረደ። በማግስቱ ወንድሜ የመለኪያውን ገመድ በአንድ ወገን ይዞልኝ፣ ድንጋዩን እኔ በእጄ ተከልሁ። አሁንም አንድ ክንድ ገፍተሽኛል ይላል። ይክሰሰኛ።