የሳጥኑ አራተኛ ማዕዘን

ሮብሌ ብላ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ናት። ለቀረው ሰው ሻን ሳኖ ነኝ፤ በእኛ ቋንቋ አምስት ዓመት ማለት ነው። ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳይቀር የሻን ሳኖ ልጆች ይሏቸዋል።

ስሙን የለጠፈብኝ ያጎቴ ልጅ ድራኔ ነው። የባሕር ሥር ገመዱ ከሚወጣበት ዳርቻ ላይ የዳታ ማዕከል ሲያቋቁሙ ሕንፃ አልሠሩም። ሁሉ ነገሩ ውጭ አገር የተገጣጠመ ነጭ የብረት ሳጥን፣ መልኩ የዕቃ ኮንቴይነር የሆነ፣ በመርከብ አምጥተው አሸዋው ላይ አስቀመጡት። ድራኔ ፈረንሳይ ተምሮ መጥቷልና ኃላፊ ሆነ። እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ፣ አሮጌ ኮንቴይነር እየገዛሁ የምቆራርጥ ሰው ነኝ። ለምረቃው ሸሚዝ ተውሼ ሄድኩ። ዘበኛው ሁመድ በሩ ላይ በክንዱ ገፋኝ። ድራኔ ከውስጥ አይቶኝ ፊቱን አዞረ። አየኝ፤ አላየኝም ብሎ ይማል እንጂ አይቶኛል።

የዚያኑ ዕለት ጫት ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ይሄ ቆርቆሮ አምስት ዓመት አይቆይም፤ ባሕሩ ይበላዋል" አልኩ። በንዴት ነው ያልኩት፤ ግን አምኜበትም ነበር። እዚህ ዳርቻ ላይ የቆመ ብረት ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ያየ የለም። አምስት ዓመቱ አለፈ። ድራኔ እዚያው ጫት ቤት ገብቶ፣ "ሻን ሳኖ፣ እንዴት ዋልክ?" አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በቃ፣ ያ ስም ቆዳዬ ላይ ቀረ።

ሳጥኑ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ድራኔ ግቢዬ መጣ።

"ሻን ሳኖ፣ ሥራ አለኝ።"

"በዚያ ስም የሚጠራ ሰው እዚህ የለም" አልኩ፣ መቁረጫዬን ሳላጠፋ።

"ተው እንጂ ያጎቴ ልጅ። ኩባንያው የሲሚንቶ ሕንፃውን ጨርሷል። ሳጥኑን ባሕሩን ተሻግሮ ላለው ለኦቦክ ሆስፒታል ሊሰጡት ነው። ግን መጀመሪያ አጥንቱ መታየት አለበት። አራቱም ማዕዘን ጤነኛ ከሆነ ክሬን አንስቶ ጀልባ ላይ ይጭነዋል። አንዱ ከበሰበሰ ማንም አያነሳውም፤ ላንተ ይጣላል፤ እዚያው ትቆራርጠዋለህ።"

"ለምን እኔን?"

ሳቅ አለ። "አንተ ጥሩ ነው ካልክ የሚጠራጠር ማን አለ?"

እውነቱን ነው። በማግስቱ መዶሻና ሹል ብረት ይዤ ሄድኩ። የምፈልገውን አውቃለሁ፦ አንድ የበሰበሰ ማዕዘን። እሱን ካገኘሁ ስሙ ስድብ መሆኑ ይቀራል።

ከባሕሩ በኩል ጀመርኩ። እዚያ ደቃ የምትባል ሴት ሻይ ቤት ሳጥኑን ግድግዳ አድርጎ ተደግፏል። የማቀዝቀዣዎቹን ጠብታ በቱቦ ስባ በርሜል ውስጥ ታጠራቅማለች፤ በእኛ ወበቅ እሱ ሲንጠባጠብ ነው የሚውለው።

"መጣህ?" አለችኝ። "ልትቀብረው ነው ወይስ ልትድረው?"

"ልፈርድበት።"

"አምስት ዓመት ባልከው ግድግዳ ሥር ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ቀስ ብለህ ምታው።"

የመጀመሪያውን ማዕዘን መታሁት፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። በግድግዳዋ ሌላ ጫፍ ያለው ሁለተኛውም። ቀለሙን ብፍቀው ብረቱ እንደ መጣበት ቀን ነው። በሩ አጠገብ ወዳለው ሦስተኛው ስሄድ ሁመድ ለቀትሩ የዝሁር ሶላት እግሩን ይታጠባል። ውሃው ማዕዘኑ ሥር ይፈስሳል። ይሄስ አይቀርለትም ብዬ በሙሉ ክንዴ መታሁት። ጮኸ።

አራተኛው ከኋላ ነው። ፀሐይ እንዳይመታው ኩባንያው ክዳን ሠርቶለታል፣ የማቀዝቀዣውን ውሃም እንዳይነካው በቧንቧ ወደ ሩቅ ወስዶለታል። የሚሳሱለት ማዕዘን ነው። መዶሻዬን አነሳሁ። ድምፁ ከረጢት የመታሁ ያህል ነበር። ሹሉን ስሰድበት እስከ እጀታው ገባ።

"ደቃ! ነይ! ነይ እዪ!"

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። "በሰበሰ?"

"በሰበሰ! ባሕሩ ይበላዋል አላልኩም?"

ጎንበስ ብላ አየችው። ቀና አለች። ባሕሩን አየችው። "ባሕሩ ወዲያ ነው እኮ። ዞሮ ነው የበላው?"

ደስታዬን አበላሸችው። በሆዴ ተኝቼ ሥር ሥሩን አየሁ። እውነትም እንዴት? ባሕር የሚተፋበት ጎን ደህና፣ የተሸፈነው ጎን ብስባሽ። ከክዳኑ ሥር ብረቱ ላይ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ጨው።

"አንቺ፣ ግድግዳሽን ምን ታደርጊዋለሽ?"

"ምን አደርገዋለሁ? ሲግል ቤቴ ምድጃ ይሆናል። ከበርሜሉ ቀድቼ ብርጭቆ ያጠብኩበትን እደፋበታለሁ።"

"በየቀኑ?"

"ሙቀቱ በየቀኑ አይደል እንዴ?"

ያኔ ገባኝ። ነፋሱ ጨውን አራቱም ላይ እኩል ይበትናል። ሁለቱን ደቃ ሳታውቅ ስታጥባቸው ኖራለች፣ አንዱን ሁመድ ለጸሎት ሲታጠብ። ጠብታ ውሃ ያልደረሰው፣ ጨው ተቀምጦ የበላው፣ የተጠበቀው ብቻ ነው። ብስባሹን አገኘሁ፤ ምክንያቴ ግን ስህተት ነበር። እንደዚያ ያለ ድል አፍ ላይ አይጣፍጥም።

ድራኔ መጥቶ ሹሉ የገባበትን አየ። አልሳቀም።

"አሸነፍክ። ውሰደው" አለ። "የኦቦኩ ሐኪም ሲደውል ምን እንደምለው እንጃ። የበሽተኛ መዝገብ በነፋስ የሚበተንበት ቦታ ነው ያለው።"

ስንት ዓመት የጠበቅሁትን ቃል ሰማሁ፤ ልቤ ግን ሌላ ነገር ፈለገ። "ውስጡን ልየው" አልኩ።

ሁመድ በሩን ራሱ ከፈተልኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። መደርደሪያ ላይ ማሽኖች አረንጓዴ መብራታቸውን ያርገበግባሉ።

"እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ናቸው?"

"የት ተገኝተው! ሰርቨሮቹን ሦስት ጊዜ ለውጠናቸዋል።"

"ማቀዝቀዣው?"

"ሁለት ጊዜ። ባትሪውን ተወው፣ ቁጥር የለውም። ወለሉም ተነስቶ ነበር።"

"በሩስ?"

"የአሸዋ ማዕበሉ ጊዜ ተገነጠለ፤ ሌላ ገጠምን። ለዚህ እኮ ነው እንደዚህ የሚሠሩት፤ ያረጀው እየወጣ አዲስ ይገባል።"

ዙሪያዬን አየሁ። "ታዲያ አሥራ አምስት ዓመት የቆየው ምኑ ነው?"

ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። "እኔ እንጃ" አለ። "አጥንቱ ነዋ።"

ነገሩ ገረመኝ። ሆድ ዕቃው ሁሉ ተለውጦ ያው ሳጥን ይሉታል፤ አንድ እግሩ ሲታመም ግን ሞተ ይላሉ። "ማሽኑን የለወጠ ሰው ማዕዘን አይለውጥም እንዴ?" አልኩት። "ግቢዬ ውስጥ ጤነኛ ማዕዘን ሞልቷል። ቆርጬ አውጥቼ እበይድልሃለሁ።"

ትክ ብሎ አየኝ። "ለምን? ላንተ መጥቶልህ እያለ?"

"አንድ ነገር ትምልልኛለህ። ሁለተኛ በዚያ ስም አትጠራኝም።"

"ወላሂ!" አለ። ሁመድም ሳይጠየቅ ማለ።

በክሪክ ደገፍነው። ብስባሹን እስከ ጤናው ድረስ ቆርጬ አወጣሁ፤ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። የሌላ ኮንቴይነር እግር አምጥቼ ገጠምኩ፣ በየድኩ፣ በመፍጫ አለሰለስኩ፣ እንደገና በየድኩ። ክዳኑን አስነሳሁ። ኦቦክ ሲደርስም ዙሪያውን ውሃ እንዲያጠጡት ነገርኳቸው። ማሽን ውሃ አጠጡ ማለቴ አሳቃቸው፤ ይሳቁ። ደቃ ደግሞ ቱቦዋን ተሸክማ የሲሚንቶውን ሕንፃ ዙሪያውን ታየዋለች። "ይሄም እንደ ሳጥኑ ያልበዋል፣ አይቼዋለሁ" ትላለች።

የጭነቱ ቀን፣ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የሚገባው ጫት ሳይደርስ እንጨርስ ተባለ። ክሬኑ አራቱን መንጠቆ አስገባ። ሰንሰለቱ ተወጠረ። የእኔ ማዕዘን አንዴ ጢቅ አለ። ሳጥኑ ከአሸዋው ተላቀቀ፣ ከፍ አለ፣ ሳያዘነብል ተንጠለጠለ።

ድራኔ ጥፍሩን እየበላ አጠገቤ ቆሟል። "ያጎቴ ልጅ፣ ይቆያል?"

"ይቆያል።"

"ስንት ዓመት?"

"አንተ ደግሞ ስታበዛው! ከአምስት ዓመት በኋላ መጥተህ..."

ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። የክሬኑ ሾፌር ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ሁመድ ጀርባውን ሰጠን፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ድራኔ መሐላውን ላለማፍረስ ከንፈሩን ነክሶ እንባው ወረደ።

ደቃ ግን አልማለችም። ግድግዳው ከተወሰደበት ሻይ ቤቷ መሃል ቆማ፣ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች፣ "ሻን ሳኖ!" ብላ ጮኸች፤ ወደቡ ሁሉ ሰማ።

ማዕዘኔ ግን ፍንክች አላለም።