የድርቤና የሎሚ ደም

ድርቤና ሎሚ እህቶቼ ናቸው። መንታ ናቸው፤ በአንድ እንግዴ ልጅ ነው የመጡት፤ ልጆች ሳሉ እናታችን እንኳ ትሳሳትባቸው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ድርቤ ሙሉ ሴት ሆነች። ሎሚ ግን ቁመቷ ከድርቤ ትከሻ አላለፈም፤ ጡት አላወጣች፣ የወር አበባም አላየች።

በ1958 ዓ.ም. የአኖ ከተማው ቡና ነጋዴ ኦቦ ታፋ ድርቤን ለልጁ ለዋጋሪ አጨ። ይህ ሰው ሚኒስትሪ ፈተና የወደቅሁ ጊዜ ነቀምት ገበያ መሃል "ይሄ ደግሞ ጸሐፊ ሊሆን ኖሯል!" ብሎ ሕዝብ ያሳቀብኝ ነው። አልረሳሁም። ለእህቴ ስል ግን ዋጥኩት።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ታፋ ሽማግሌ አስከትሎ ቤታችን መጣ።

"የመንታዋን ነገር ሰማን። መልካቸው አንድ፣ ማሕፀናቸውም አንድ ነው። መካን ቤቴ አላስገባም፤ ይቅር።"

ድርቤ ጓዳ ሆና ስታለቅስ ይሰማል። ሳጥኔ ውስጥ ወረቀት አለኝ። ዓምና የነቀምት ሆስፒታል ዶክተር፣ ሎሚ ለምን እንዳላደገች ለማወቅ፣ የሁለቱን ደም ወደ ውጭ አገር ልኮ መልሱ ሲመጣ፣ የሆስፒታሉ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ ሞረዳ፣ በአማርኛ ጽፎ ሰጥቶኛል። ግን የሎሚ ገመና ነው። እንዴት በታፋ ፊት እገልጠዋለሁ? 

ሎሚ ራሷ ከጓዳ ወጣች።

"አንብብላቸው ወንድሜ። በኔ ምክንያት ትዳሯ አይፈርስም።"

አነበብኩ። ሁለቱ ከአንድ ጽንስ ተከፍለዋል። ክሮሞዞም የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች በደማችን ውስጥ አሉ፤ ከእነሱም ሴት ልጅ ሴትነቷ የሚያድግባቸው ሁለት ናቸው። ድርቤ ሁለቱም አሏት። ሲከፈሉ ግን ከሎሚ አንዱ ጎድሏል፤ ስለዚህ የእንቁላል ማደሪያዋ ሳያድግ ቀረ።

"ሚኒስትሪ የወደቀ ያነበበውን ልመን?" አለ ታፋ።

"እንግዲያው እርስዎ ያንብቡት።"

ፊደል እንዳልቆጠረ አውቃለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በጸሎት ቤት መጽሐፍ የሚያነቡት ኦቦ መገርሳ፣ ወረቀቱን ተቀብለው ቀስ ብለው አዩት።

"ልክ ነው ያነበበው። ታፋ፣ ድርቤ ምንም እንከን የለባትም።"

ታፋ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይሁን። ግን ሚዜዋ ሌላ ትሁን። ያቺን አጭር በሠርጉ ቀን እንግዳ አይያት።"

ያን ጊዜ ድርቤ እንባዋን ሳትጠርግ ወጣች።

"ሎሚ ሚዜዬ ካልሆነች ከዚህ ቤት አልወጣም። ሠርጉም ይቅር!"

ከአባቱ ጋር መጥቶ ደጅ ቆሞ የነበረው ዋጋሪ በሩ ላይ ብቅ አለ።

"አባባ፣ የማገባው እኔ ነኝ። ሎሚ ትሁን።"

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። በሠርጉ ቀን ሎሚ ከድርቤ ጎን ሄደች፤ ታፋም ተነሥቶ መንገድ ለቀቀላት። ከልቡ ይሁን አይሁን አላውቅም። ለቀቀ ግን።