ሬዲዮው ዝም ካለ

ስልኩ የጮኸው ባዶው ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ቴክኒሺያኑ ኮሪደሩ ላይ መሰላል ወጥቶ አምፖል ሲቀይር ሰማውና መጀመሪያ ጆሮውን ተጠራጠረ። ጣቢያው ለትልቁ ኩባንያ ከተሸጠ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በዘጠኙ ቀን ውስጥ የጣቢያው ስም ተቀይሯል፣ ግድግዳው ተቀብቷል፣ መረዋ እያሉ የሚጠሩት የጠዋቱ ዜና አንባቢም በሁለት መስመር ደብዳቤ ተሰናብቷል። ፕሮግራሙ አሁን ከሩቅ ከተማ በሳተላይት እየመጣ በቀጥታ ወደ ማሰራጫው ይገባል። ከድሮዎቹ ሠራተኞች የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ያስቀሩት ወደውት ሳይሆን ያረጀው ማሰራጫ ከእሱ በቀር የማንንም እጅ አልለምድ ስላለ ነው። ሰውነቱም ቀጭን፣ ሥራውም ሽቦ ስለሆነ ሰው ሁሉ ሽቦ ይለዋል።

ወርዶ ስልኩን አነሳው።

የደወለው የወንዙ ከፍታ ለኪ ነበር። ከወንዙ ራስጌ ተቀምጦ፣ ውኃው ውስጥ የተተከለውን ባለ ቁጥር ምሰሶ እያየ ለጣቢያው የሚናገር ሽማግሌ ነው።

«ልጄ፣ የት ገብታችሁ ነው? ስደውል ሦስተኛዬ ነው። ቀዩን መስመር አልፏል። ላይኛው አገር ሲዘንብ ነው ያደረው፤ ግንድ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ለመረዋ ንገረው።»

ሽቦ ሰዓቱን አየ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ። ከምሰሶው እስከ መሻገሪያው ለመድረስ ውኃው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። መረዋ መባረሩን ለሽማግሌው የነገረው ሰው አልነበረም፤ ሽቦም አሁን አልነገረውም። «እሺ አባቴ» ብሎ ዘጋው።

ከወንዙ ማዶ የጡብ ፋብሪካ አለ። ድልድዩ ሩቅ ስለሆነ ሠራተኞቹ በየጠዋቱ ትራክተር በሚጎትተው ተሳቢ ላይ ተጭነው በመሻገሪያው በኩል ውኃውን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ትራክተሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ዳርቻው ላይ ይቆምና ሾፌሩ ሬዲዮ ይከፍታል። ወንዙ ከሞላ መረዋ ይናገራል። ካልሞላ ምንም አይባልም፤ እነሱም ጥቂት ጠብቀው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይሻገራሉ። አሥራ ሰባት ዓመት የኖሩት እንዲህ ነው። ይህንን ማንም ወረቀት ላይ አላሰፈረውም፤ ስለዚህ ጣቢያው ሲሸጥ ወንበሩም ጠረጴዛውም በዝርዝር ሲመዘገብ፣ ዝም ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለአዲሶቹ ያስረከበ ሰው አልነበረም።

የትራክተሩ ሾፌር ደግሞ የሽቦ ታናሽ ወንድም ነው።

ደወለለት፤ ጥሪው አልደረሰም። መሻገሪያው ጎድጓዳ ቦታ ስለሆነ ኔትወርክ የሚባል ነገር አያውቀውም። ለወንድሙ ሚስት ደወለላት። ከወጣ ቆየ አለችው። አሁንም ሬዲዮ ይሰማ እንደሆነ ጠየቃት።

«መች ይተወዋል? የማይታወቁ ሰዎች ሲቀላለዱ እየሰማ ነው የሚቀመጠው። ለወንዙ ሲሉማ ያቋርጡታል ይላል። ምነው፣ ምን ሆነ?»

ምንም አልሆነም ብሎ ዋሻት። ፖሊስ ጣቢያ ደወለ፤ መኪናዋ ጋራዥ ገብታለች፣ ሞተር ሳይክል እንፈልጋለን አሉት። መሻገሪያው ግን በሞተር ሳይክልም የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ዙሪያው ገደል ሆነበት።

ኩባንያው የላካት ሥራ አስኪያጅ ማልዳ ገብታ ነበር። ክፉ ሰው አይደለችም። በመጣች በሦስተኛው ቀን የሽቦን የተሰነጠቀ መሰላል አይታ ሳይጠይቃት አዲስ አስገዝታለታለች። እሱ አለቃው ስለሆነች እርስዎ ይላታል፤ እሷ በዕድሜ ስለሚበልጣት ጋሼ ትለዋለች፤ ሲከባበሩ ለመተዋወቅ ጊዜ አላገኙም። ሽቦ ቢሮዋ ገብቶ ሲነግራት ነገሩን ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች።

በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ትሑት ነበር። ፕሮግራሙን ማቋረጥ በውሉ የተከለከለ መሆኑን አስታወሳት፤ አስቸኳይ ጉዳይ ካለ ጥያቄዋን በኮምፒውተሩ ታስገባ፣ ኃላፊው ሲገባ ያየዋል አላት። ኃላፊው የሚገባው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጻፈችና ላከች። ሁለቱም ቆመው የኮምፒውተሩን መስታወት ማየት ያዙ። «በመታየት ላይ» ይላል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ሽቦ ግን ባለቤቱን ልናቅ ቢልም የት ያገኘዋል? የሚታየው አጥሩ ብቻ ነው።

«ስንት ሰው ነው የሚጫነው?» አለችው፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሳ።

«አርባ። አንዳንዴም ይበልጣሉ።»

አንድ ሰዓት ከስምንት ሆነ። ሽቦ ከኪሱ ብሎን መፍቻውን አወጣ።

«ጋሼ፣ የማሰራጫውን ካቢኔት ከነካነው ሁለታችንም እንባረራለን። ፈርሜያለሁ። አንተም ውሉን ፈርመሃል።»

«እኔ ፈርሜያለሁ። ተሳቢው ላይ ያሉት ግን አልፈረሙም።»

ማሰራጫው የተቀመጠበትን የብረት ካቢኔት የኩባንያው ሰዎች ፊት ለፊቱን በቁልፍ ቆልፈውታል። ጀርባውን ግን በአራት ብሎን ያሰረው ሽቦ ራሱ ነው። ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ ከኋላው ገባ። ሥራ አስኪያጇ ተከትላው መጣች።

«ተው ጋሼ።»

አንደኛው ብሎን ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ተው እያልኩህ ነው።»

ሁለተኛው ወደቀ። ሦስተኛው ዝጎ ኖሮ አልነቃነቅ አለው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ አቃጠለው፤ መፍቻው እያዳለጠ ጣቱን ላጠው። በዚህ መሀል ከኋላው ብርሃን በራ። ሥራ አስኪያጇ ተንበርክካ የስልኳን መብራት አብርታለታለች። ብሎኑ ተንቀሳቀሰ።

ከውስጥ ያገኘው የገዛ እጁን ሥራ ነው። ከስቱዲዮው ማይክሮፎን የሚመጣውን ገመድ፣ ታዝዞ፣ ከዘጠኝ ቀን በፊት በራሱ ፒንሳ ቆርጦታል። መሰኪያውን ሰዎቹ ወስደውታል። እንዳይበይደው መበየጃው እስኪግል አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ገመዱን በጥርሱ ላጠና ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በሁለት እጁ ጣቶች ቦታቸው ላይ ተጭኖ ያዛቸው። ከለቀቃቸው ያበቃል። ማይክሮፎኑን የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ ግን የለውም።

«አምጪልኝ» አላት፣ እርስዎ ማለቱን ረስቶ።

ማይክሮፎኑን ከነገመዱ ጎትታ አምጥታ አፉ ላይ ደቀነችለት። አንድ ሰዓት ከሃያ አንድ። ከሩቁ ከተማ የሚመጣው ድምፅ ስለ እንቅልፍ እየቀለደ ነበር፤ ሽቦ በአውራ ጣቱ የሳተላይቱን ማብሪያ ማጥፊያ ሲገፋው ድምፁ ከመሀል ተቆረጠ።

አሥራ ሰባት ዓመት የሌላ ሰው ድምፅ ሲያጠራ ኖሯል፤ የራሱን አየር ላይ ሰምቶት አያውቅም። ከንፈሩን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠጋ።

«ሽቦ ነኝ» አለ። «መረዋ የለም። ቴክኒሺያኑ ነኝ። ወንዙ ቀዩን አልፏል። መሻገሪያው ላይ ያላችሁ፣ እንዳትሻገሩ። ውኃው አንሶ ቢታያችሁ አትመኑት፤ ትልቁ ገና መንገድ ላይ ነው። አንተ የእናቴ ልጅ፣ ሞተሩን አጥፋና ሰዎቹን ወደ ከፍታው አውጣ። ቀልድ አይደለም።»

ደገመው። ሠለሰው። ሰምተውት ይሆን አይሆን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ከጎርፍ በፊት ያለው ወንዝ ደግሞ ከምንጊዜውም የዋህ መስሎ ይታያል። እነሱ የሚያምኑት የመረዋን ድምፅ ነው፤ የእሱን ማን ያውቀዋል? ወንድሙስ ቢሆን ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎት ከሆነ? አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ጣቶቹ ደነዘዙ፤ ከየትኛው ጣቱ እንደሚደማ አልለይለት አለ። አንድ ሰዓት ከአርባ ሆነ። ሥራ አስኪያጇ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ያዘችው።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። እጁን ማንሳት አይችልም። እሷ ማይክሮፎኑን አጥፍታ አስቀመጠችውና እጇን ኪሱ ከትታ ስልኩን አወጣችለት፤ ጆሮው ላይም ያዘችለት።

«ወንድምጋሼ፣ አለን» አለ ታናሽየው። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ያለከልካል።

የፊት ጎማዎቹ ውኃ ውስጥ ገብተው እንደነበር ነገረው። ያስቆመችው ከተሳቢው ጥግ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ይሄ ሽቦ ነው፣ የእኛን ሬዲዮ የጠገነልን ሰውዬ፣ ብላ ጮኸችበት። ወደ ኋላ ሲመልሰው የሰደበው ብዙ ነው፤ ካረፈድን ቀናችን ይቆረጣል፣ ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስ፣ አንተ ፈሪ፣ ያላለው የለም። ከዚያ ከመታጠፊያው በኩል ድንጋይ የሚያራግፍ መኪና የሚመስል ድምፅ መጣ።

«ተሳቢውን ፈትተን ሳናወጣው ወሰደው። ሰው ግን አልነበረበትም። አሁን የሚሳደብ የለም፤ ሁሉም ሣሩ ላይ ተቀምጧል።»

ሽቦ ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

ከዚያ የሥራ አስኪያጇ ስልክ ጮኸ። ኃላፊው ገብቷል። ቆማ ሰማችው፣ «ገብቶኛል» አለች፣ ዘጋች፤ ያላትንም ሳታጣፍጥ ሳታመርር ነገረችው። ፕሮግራሙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይመለስ፤ ቴክኒሺያኑ እስከ እኩለ ቀን ዕቃ አስረክቦ ይውጣ፤ የእሷ ጉዳይ ይታያል።

«ከፈለግህ እኔ ፈቅጄለት ነው እላለሁ» አለችው።

«አልፈቀዱም እኮ። መብራት ነው የያዙልኝ።»

«እሱንም እነግራቸዋለሁ።»

ሽቦ ያልተዋጠለት ነገር መባረሩ አልነበረም። ነገ ነው። ነገ ሌላ ተሳቢ ይገኛል፤ ሰዎቹ ዳርቻው ላይ ቆመው ሬዲዮ ይከፍታሉ። የዛሬው ደግሞ ይብስ ያስተማምናቸዋል። ያው ትናንት ተናገሩ አይደል፣ ዛሬም ጎርፍ ቢኖር ይነግሩን ነበር ይላሉ። ዛሬ ያዳናቸው ነገር ለነገ ያዘናጋቸዋል።

«አንድ ጊዜ ያቅርቡልኝ» አላት። ማይክሮፎኑን ከፍታ አፉ ላይ ደቀነችለት።

«ሽቦ ነኝ። ከነገ ጀምሮ ስለ ወንዙ ከዚህ የሚነግራችሁ ሰው የለም። ሬዲዮው ዝም ካለ ወንዙ ደህና ነው ማለት አይደለም። ወንዙን የሚያየው ሰው ከራስጌው አለ፤ ከቤት ሳትወጡ ለእሱ ደውሉለት። እኛን አትጠብቁ። ቁጥሩን እነግራችኋለሁ፣ ጻፉ።»

ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። ብዕር የሚፈልግ ሰው እስኪያገኝ ጠበቀ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ ተናገረው። ጨርሶ ጣቶቹን ከሽቦዎቹ ላይ አነሳ።