የሒክማ ሰኞ ማክሰኞ

ጀይሉ ልብስ ሰፊ ነው። ከወሎ መጥቶ ሮማናት አደባባይ አጠገብ የስፌት መኪናውን ከተከለ ወዲህ መርፌ ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። ትንሿ ልጁ ሒክማ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ጀምሮ ግን፣ ጠዋትና ማታ የሚይዘውን የኢንሱሊን መርፌ ይፈራዋል። እናቷ ሙሚና ገና ከጅምሩ «እኔስ አልችልም» ብላ ፊቷን ስላዞረች የመውጋቱ ነገር በእሱ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ሰሞን ሒክማ ቤቱን በጩኸት ታቀልጠው ነበር። አንድ ቀን ግን ቀኝ ጭኗን በጣቷ ነካ አድርጋ፣

«አባ፣ እዚህች ጋ ስትወጋኝ አያመኝም» አለችው።

ጀይሉ ዱንያ ሁሉ የተሰጠው ያህል ደስ አለው። ከዚያ በኋላ መርፌው ከዚያች ቦታ ፈቀቅ አላለም። ልጅቱም ማልቀስ ተወች።

ስኳሯ ግን አልወርድ አለ። ውሃ አልጠግብ አለች፣ ከሳች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰኞ ማክሰኞ መዝለሉን ትታ ደጃፍ ላይ ኩርምት ብላ ትቀመጥ ጀመር። ጀይሉ መድኃኒቱን ጠረጠረ፤ ሙሚና መርፌውን ረገመች።

በዚህ መሀል ጅዳ ያለው የሙሚና ወንድም ኸድር በሰው እጅ ፓምፕ ላከላቸው። ስልክ የምታህል ነገር ናት። ወገብ ላይ ትታሰርና በቀጭን ቱቦ ኢንሱሊኑን ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ትሰጣለች። ሒክማ አቅፋት አደረች።

«ከነገ ጀምሮ መርፌ የለም፣ አይደል አባ?»

«ኢንሻ አላህ፣ የለም።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሒክማን የምትከታተለው ነርስ፣ ሲስተር ኣኽበረት፣ ፓምፗን ስታገላብጥ ቆየች።

«ጥሩ ዕቃ ናት። ግን ቱቦዋና ቆዳ ውስጥ የሚገባው ነገር በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀየራል። እዚህ አይገኝም። ከየት ልታመጣ ነው፣ ጀይሉ ሓወይ?» አለች ትግርኛ እየቀላቀለች።

«ኸድር ይልካል።»

«ቢዘገይስ? መድኃኒቱ ከተቋረጠ ልጅቷ ውላ ሳታድር ትታመማለች። ያኔም የሚደርስላት ያው መርፌ ነው። የሚቀየረው ዕቃ እዚህ ቢኖር እኔው ራሴ አስርላት ነበር።» ወደ ሒክማ ዞረች። «እስቲ የምትወጊበትን አሳዪኝ፣ ጓለይ።»

ሲስተር ኣኽበረት የልጅቷን ቀኝ ጭን ዳበሰችና እጇ ቆመ። ከቆዳው ሥር እብጠት ነበር።

«ሁልጊዜ እዚሁ ነው?»

«አያማትም ብዬ ነው፣ ሲስተር።»

«የማያማት ስለ ደነደነ ነው። መድኃኒቱ በወጉ አይሰርግም። ከዛሬ ጀምሮ ቦታ ቀያይር። አዲሱ ቦታ ላይ ስለሚበረታባት መጠኑን ቀንሼልሃለሁ፤ ስኳሯን ቶሎ ቶሎ ለካ።»

ጀይሉ ፓምፗን መልሶ ጠቀለላት። ሲያዝንላት የጎዳት እሱ ነው።

«መርፌ የለም ብለኸኝ! ዋሾ!» አለች ሒክማ። ማታ ሰዓቱ ሲደርስ ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ገብታ ጭኖቿን በቀሚሷ ጠቀለለች። ጀይሉ በግድ ሊይዛት አልፈለገም። ካልተወጋች ደግሞ ማደሩ ያስፈራል።

መሬት ላይ ተቀመጠ። ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርግባትን ስስ ሳሙና ከኪሱ አወጣ፤ ቀሚሷን ከግራ ጭኗ ላይ ቀስ ብሎ ገለጠና መስመር ያሰምር ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«አታውቂውም?»

ሒክማ አንገቷን አቀርቅራ መስመሮቹን አየች። «ሰኞ ማክሰኞ!»

«መርፌዋ ትዝለል። አንድ ቤት ላይ ደጋግሞ መቆም የለም፣ መስመርም መርገጥ የለም።»

«ከረገጠችስ?»

«እኔ እቃጠላለሁ።»

አሰበች፣ አሰበችና ጣቷን አንዱ ቤት ላይ አደረገች። «አያምም በል።»

«ያማል፣ እናቴ። ትንሽ ያማል።»

ዓይኗን ጨፈነች። ወጋት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ እግሯ ግን አልተነቃነቀም።

ሙሚና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ ዞረችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ነገ የትኛው ቤት ነው?»

ሒክማ አፍንጫዋን ጠረገች። «አንቺ ነሽ የምትወጊው?»

«አባትሽ ካሳየኝ።»

«ይኼኛው ነው» አለች ሒክማ፣ ቀጣዩን ቤት እየነካች። «ግን መስመር ከረገጥሽ ትቃጠያለሽ።»