ያልተነጠፈ አልጋ

«ፀጉርዎን ያፍርሱት» አለች ሮንዳ።

ሳሎን የሞላው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። በአይሁድ ወግ ለቀስተኛ ሐዘንተኛው ቀድሞ እስኪናገር ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሮንዳ ደግሞ እናቷን ቀብራ ከተመለሰች ወዲህ፣ ሦስተኛው ቀን እስኪጋመስ፣ «እህ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። መስተዋቶቹ አንሶላ በለበሱበት ክፍል፣ እግሩ ባጠረ ወንበር ላይ፣ ደረቷ ላይ የተቀደደ ጥቁር ጥብጣብ ሰክታ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ አፏን ሲጠብቅ ነበር። አፏን ስትከፍት ታዲያ የተናገረችው ስለ አንዲት አሮጊት ፀጉር ሆነ።

አሮጊቷ ቴልማ ግሪንብላት ናቸው፤ ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩ፣ የሟቿ የሮንዳ እናት የሌኖር የዕድሜ ልክ ጓደኛ። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ሹክሹክታቸው ማድ ቤት ድረስ ይሰማል። የሌኖርን ወንድም አጎት ሞርትን ጠጋ ብለው፣ «ነገ የኢንሹራንሱ ነርስ ልታየኝ ትመጣለች። ፀጉሬን ተሠርቻለሁ፣ ኬክ አስመጥቻለሁ። እንደ ሌኖር አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የምቀበላት» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል።

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ?»

«ፀጉርዎን ያፍርሱት አልኩ፣ አክስት ቴልማ። ኬኩንም ይተዉት።»

ቴልማ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት።»

«ፀጉሩ ይፍረስ፤ ኬኩ ምን አደረገ?» አሉ አጎት ሞርት የተቀቀለ እንቁላል እየላጡ። «ነርሷ ካልበላችው እኔ አለሁ።»

ሮንዳ አልሳቀችም። ነገ ምን እንደሚሆን ከዚያ ክፍል ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የቴልማ ልጅ አሪዞና ነው፤ የአረጋውያን ማቆያ አግኝቶላቸዋል። ንጹሕ ነው ይላል፣ የአትክልት ቦታም አለው ይላል። የመጦሪያ ኢንሹራንሱ ቤት ድረስ ለሚመጣ ረዳት ካልከፈለ፣ በረዶ ሳይጥል እናቱን ከዚህ ቤት አንስቶ እዚያ ሊያስቀምጣቸው ነው። ቴልማ ደግሞ በዚህ ቤት ሳሉ ባላቸውን ቀብረዋል፣ ልጃቸውን ድረዋል፤ ከሱ ወጥተው መሞትን ከራሱ ከሞት አብልጠው ይፈሩታል።

ኢንሹራንሱን ከሌኖር ጋር ባንድ ቀን ነው የገዙት። ሻጩ በምኩራቡ ምድር ቤት ለሴቶች ማኅበር ንግግር ሊያደርግ መጥቶ፣ «ስታረጁ ልጅ አታስቸግሩም፣ ከቤታችሁም አትወጡም» አላቸው። ሌኖር ወዲያው ፈረመች። የገዛ እናቷ የመንግሥት መጦሪያ ቤት ውስጥ እንዳትወድቅ ተብላ ወንበር ላይ ታስራ ስትሞት አይታለች። «ጧሪዬን በየወሩ እየከፈልኩ አሳድገዋለሁ» ትል ነበር፤ «ከናንተ ከሁለት ልጆቼ ይልቅ እሱ ሳይታዘዝ አይቀርም።» ባሏ ሞቶ ክፍያው ሲጨመር፣ እንደገና ሲጨመር፣ መኪናዋን ሸጠች እንጂ አላቋረጠችም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ጧሪው የሚፈለግበት ቀን ደረሰ። የሌኖር ጣቶች ይንቀጠቀጡ ነበር፤ እግሯም ከወለሉ አልላቀቅ ይላት ጀምሮ ነበር። ነርሷ የምትመጣ ዕለት ሮንዳ በጠዋት ደርሳ ገላዋን አጠበቻት፣ ሰማያዊ ሹራቧን አለበሰቻት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችላት፣ ከንፈሯን ቀባቻት። አልጋዋንም አነጠፈች። ሌኖር ልጆቿን ያሳደገችው «እንግዳ ያልተነጠፈ አልጋ አያይም» እያለች ነው። ዕድሜዋን የትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ስታስተዳድር የኖረች ሴት ናት፤ ዳይሬክተሮቹ እንኳ በፊቷ ሲያልፉ ከረባታቸውን ያስተካክሉ ነበር።

«ብቻዎን ይታጠባሉ?» አለች ነርሷ።

«አጃቢ ምን ይሠራልኛል፣ የኔ ቆንጆ?»

«ልብስዎንስ?»

«እንደምታዪኝ ነው» ብላ ፈገግ አለች ሌኖር፤ ሮንዳ ቆርሳ ያስቀመጠችውን ኬክም ገፋ አደረገችላት።

ሮንዳ በሩ ጋ ቆማለች። እሷም የዚያው ቤት ልጅ ናት። እናትን በእንግዳ ፊት ማስተባበል በዚያ ቤት የማይታሰብ ነገር ነው።

ኩባንያው መልስ ሰጠ፦ ራሳቸውን ችለው ስለሚኖሩ ክፍያ አይገባቸውም።

ነርሷ አልዋሸችም፤ ያየችውን ጻፈች። ኩባንያው ግን ምን እንደሚታያት አሳምሮ ያውቃል። የዚያ ትውልድ ሴት እንግዳ ሲመጣባት ከንፈሯን እንደምትቀባ፣ እየወደቀች «ደህና ነኝ» እንደምትል ያውቃል። የሰው ኩራት ለሱ ከጥሬ ገንዘብ የተሻለ ሀብት ነው፤ ያንን ተቀብሎ ጥሬ ገንዘቡን ያስቀራል። ስንት ዓመት ሙሉ ወርኀዊ ክፍያዋን ሲወስድ የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ ትችል እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቋታል? አልጠየቃትም። መክፈል የሱ ተራ ሲሆን ስለ ቁልፍ ተጨነቀ!

«ሮንዳ» አለ ወንድሟ ኒል፣ ከጎኗ ካለው አጭር ወንበር ጥርሱን ነክሶ። ምን ልትናገር እንደሆነ ገብቶታል። «ተይ። የእማዬን ገመና ሐዘን ቤት ውስጥ አትዘክዝኪ።»

«የደበቅነው ለማን ብለን ነው?»

«ለክብሯ።»

«ነውሩ ለኛ፣ ትርፉ ለነሱ! ይሄን ነው ክብር የምትለው?» አለች፤ ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ። ከዚያ ወደ ቴልማ ዞረች። «አክስት ቴልማ፣ እማዬ በመጀመሪያው ጊዜ ተከልክላ ነበር።»

«በጭራሽ! ልክ ልካቸውን ነግሬ አስገበርኳቸው ብላኛለች።»

«ልክ ልካቸውን የነገረቻቸው በሁለተኛው ነው። እንዴት አድርጋ እንደሆነ ግን አልነገረችዎትም።»

ነገረቻቸው። ከተከለከሉ በኋላ እናትና ልጅ ሳምንት ተኳርፈው እንደነበር፤ ሮንዳ ስልክ ላይ ጮኻ ጮኻ፣ የሐኪም ቃል አስጽፋ፣ ሌላ ነርስ እንድትላክ እንዳስደረገች። ያን ዕለት ጠዋት መጥታ ሹራቡን ስታነሳ ሌኖር ነጠቀቻት።

«ዛሬ አታልብሺኝ» አለቻት። «አልጋውንም እንዳትነኪው።»

ሁለተኛዋን ነርስ በሌሊት ልብሷ ተቀበለቻት፤ ከኋላዋ አልጋው እንደተዘበራረቀ ነው። «ልብስ መልበሴን ልታዪ አይደል የመጣሽው? ቁጭ በዪ» አለቻት። አንዱን ክንዷን እጅጌው ውስጥ ለማስገባት ከራሷ ጋር ታገለች፤ ሌላውንም። ከዚያ የመጀመሪያውን ቁልፍ ያዘች። ቁልፉ ቀዳዳውን ሳተ። እንደገና ያዘች፤ አመለጣት። ላብ በግንባሯ ወረደ። ለነርሷ የቀረበው ቡና ቀዘቀዘ። ያቺ ቁልፍ የዓለም ሁሉ ሥራ ሆነች። በመጨረሻ ነርሷ አልቻለችም፤ ብድግ ብላ እጇን ዘረጋች።

«አትንኪኝ» አለች ሌኖር። «ጻፊ።»

ሮንዳ ኮሪደሩ ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። እናቷን እንደዚያ ቀን ባለ ግርማ ሆና አይታት አታውቅም።

ኩባንያው ከፈለ። ረዳቷ እስከ መጨረሻው በየቀኑ መጣች። ሌኖርም ደጅ ያለው የሜፕል ዛፍ በሚታይበት መስኮት ሥር፣ በገዛ አልጋዋ፣ ማንም ሳያስራት ሞተች።

ሮንዳ ተናግራ ስትጨርስ ኒል መሬት መሬቱን ያይ ነበር። መከልከሏን ያውቅ ነበር፤ የሁለተኛዋን ነርስ ታሪክ ግን እሱም ገና መስማቱ ነው።

«ለኔ ለምን አልነገረችኝም?» አሉ ቴልማ ቀስ ብለው።

«እርስዎስ ነግረዋታል? ደረጃውን እንዴት እንደሚወርዱት ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ፣ አክስቴ። ግድግዳው ስስ ነው።»

የቴልማ ፊት ቀላ። የወንበሩን ክንድ ተደግፈው በሁለተኛው ሙከራ ተነሡ። «ለቅሶ ልደርስ መጣሁ እንጂ ልመረመር አልመጣሁም» አሉ፤ ወጡም። የተሠራው ፀጉራቸው እንዳማረበት ነው።

«ጎሽ» አለ ኒል። «እሳቸውንም አስቀየምሽ።»

በማግስቱ ነርሷ ስትመጣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። የታችኛውና የላይኛው ቤት የፊት በራቸው አንድ ነው፤ የሐዘን ቤት በር ደግሞ አይዘጋምና ላይ የሚባለው ሁሉ በደረጃው እየተንከባለለ ይወርዳል። ነርሷ ስለ ኬኩ ስታመሰግን ተሰማ። ሮንዳ ዓይኗን ጨፈነች።

«ብቻዎን ይታጠባሉ?»

መልሱ አልተሰማም። ሮንዳ ከአጭሩ ወንበር ተነሥታ፣ በካልሲዋ፣ ደረጃው ግርጌ ሄዳ ቆመች።

«ልብስዎንስ ራስዎ ይለብሳሉ?»

ከዚያ የወንበር መንሸራተት፣ የሚጎተት እርምጃ። ቴልማ ደረጃው አናት ላይ ብቅ አሉ፤ ግራጫ ቀሚስ፣ የዕንቁ ጉትቻ፣ ያ ፀጉር። ቁልቁል አዩ። ሮንዳን አዩ፣ ከኋላዋ አንገቱን ያሰገገውን ለቀስተኛ ሁሉ አዩ። መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ቁጭ አሉና በመቀመጫቸው መውረድ ጀመሩ። ዱብ። እረፍት። ዱብ።

«ወይዘሮ ግሪንብላት!» አለች ነርሷ ከኋላቸው። «ላግዝዎት!»

«አንቺ እዪ ብቻ።»

ዱብ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ተሰበሰበ፤ አላስተካከሉትም። ወንዶቹ ፊታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ፣ «ወዴት ነው የምትዞሩት? ሥራዬ ብዬ ነው የምወርደው፣ እዩኝ!» ብለው ጮኹባቸው። ግርጌው ደርሰው የመጨረሻው እርከን ላይ እንደ ዙፋን ተቀመጡ፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

«ይኸው። ስወጣ ደግሞ በአራት እግሬ ነው። እሱንም ላሳይሽ?»

ነርሷ ገና ወጣት ናት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ወይዘሮ ግሪንብላት... ደረጃ ከምጠይቃቸው ነገሮች ውስጥ የለም።»

ሮንዳ ተቆጥታ አፏን ልትከፍት ስትል ቴልማ እጃቸውን አንሥተው ከለከሏት።

«የሚጠየቀውን ልንገርሽ እንግዲህ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ማድ ቤት ድረስ ይሰማል። «ከፋሲካ ወዲህ ገንዳ ውስጥ ገብቼ ገላዬን አልታጠብኩም። መውጣት ቢያቅተኝስ ብዬ። በርጥብ ጨርቅ ነው የምጠራርገው፣ ጀርባዬ አይዳረስም። ፀጉሬን የምታጥበኝ ፀጉር ሠሪዋ ናት። ይሄ ቀሚስ ደግሞ...» ቆም አሉ። «ትናንት የለበስኩት ነው። ጠዋት አንቺ ስትመጪ መልበስ እንዳያቅተኝ ለብሼው አደርኩ። ያልተጠየቀ የቀረ አለ?»

ነርሷ እንባዋን ጠርጋ ብዕሯን አነሣች።

«የለም» አለች ነርሷ። «ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር እጽፋለሁ።»

ያኔ አጎት ሞርት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ካልሲ ማድረግ ካቆምኩ ሁለት ክረምት አልፎኛል» አሉ፤ ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው ባዶ ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩ። «ሰው ሁሉ ፋሽን ይመስለዋል።»

«ካልሲማ ምኑ ይወራል!» አሉ ከሶፋው አንድ ሽማግሌ። «እኔን ሚስቴ ነች የምታጎርሰኝ። በምግብ ቤት እንኳ የማልታየው ለምን ይመስላችኋል?»

«አንተማ ድሮም ቢሆን ስትመገብ አትታይም ነበር፤ ሒሳብ እንዳትከፍል!» አሉ ከጎናቸው የተቀመጡ ሌላ ሽማግሌ።

ሳቁ ፈነዳ። ስንት ዓመት በዱቄትና በሽቶ የተሸፈነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተገለጠ፤ ማን ይበልጥ እንዳቃተው ይፎካከሩ ጀመር። ለለቀስተኛ የቀረበው የተጨሰ ዓሣና ዳቦ ተረስቶ ቀረ። ምኩራብ ውስጥ አርባ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው እርስ በርስ የዋሹ ሰዎች፣ በሌኖር ሐዘን ቤት እውነት ተነጋገሩ። ኒል ደረጃው ላይ ከቴልማ ጎን ሄዶ ተቀምጦ ቀሚሳቸውን እያስተካከለላቸው ነበር። ሮንዳ ስቃ ስቃ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሲዞር አላወቀችውም። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ እንባ ነበረች።

ኩባንያው ሳምንታት አስጠብቆ ፈቀደ። ቴልማ ዛሬም ላይኛው ፎቅ ናቸው፤ የሚያጥባቸውና የሚያለብሳቸው ሰው አላቸው፣ የአሪዞናውን የአትክልት ቦታ በፎቶ አይተው «ያምራል፣ ላንተ ይሁንልህ» ብለውታል ልጃቸውን። ሞርትና ሁለቱ ሽማግሎች ደግሞ በጠዋት እየደወሉ ነርስ እንዴት እንደሚቀበሉ ሮንዳን ያማክራሉ።

ያኔ፣ በሐዘኑ በሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ ሐዘንተኞቹ ከአጭሩ ወንበር ተነሡ። ወጉ ነውና ወደ ሰው ዓለም ለመመለስ የሰፈሩን ቤቶች በእግር ዞረው ሊመጡ ጫማ አድርገው ወጡ። ኒልና ሞርት ቴልማን ከነወንበራቸው አውርደው ደጃፉ ላይ አቆሟቸው። ቴልማ ክንዳቸውን ወደ ሮንዳ ዘረጉ።

«ያዢኝ» አሉ።

ሮንዳ ያዘቻቸው። ወንዶቹ እያወሩ ቀደሙ፤ ማዕዘኑ ጋ ደርሰው ታጠፉ። ሮንዳና ቴልማ ገና ሁለተኛው ቤት አጥር ጋ ናቸው።

«በኔ የተነሣ ተጎተትሽ» አሉ ቴልማ። «ቀስ በዪ አላልኩሽም፤ ከዚህ ፈጠን ማለት እችላለሁ እኮ።»

ሮንዳ ወደ እግሯ አየች። ቴልማን ብላ አልነበረም የዘገየችው። እግሯ ራሱ አራት ዓመት የተማረውን እርምጃ ይራመድ ነበር፤ አንድ እግር ያነሣል፣ ከጎኑ ያለው የእናቷ እግር ከወለሉ እስኪላቀቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ያስቀምጣል።

«አውቃለሁ» አለች። ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጋ፣ አንድ እግሯን አንሥታ ጠበቀች።