ለረቢዓ ጉድጓድ የተጠየቀ ቀን

እንቢ አሉ፣ በቃ እንዲህ በአጭሩ፣ ደምለው ስልክ ላይ ሌላ ቃል የጠፋበት ይመስል እንቢ አሉ ስርጉት፣ ላሽ አሉን እያለ ይደጋግማል፣ እነማን፣ ሠራተኞቹ ናቸዋ፣ በአቦ ቀን ማጭድ አይነሳም አሉ፣ ማሳው ባዶ ነው፣ ማጭድ የያዘ አንድ ሰው የለም፣ ባለማሳው አቶ ባንተአምላክ ፒካፑን ተደግፎ ጥርሱን እየፋቀ ያየኛል፣ እኔ ለአጫጆቹ ያሳተምናቸውን ቲሸርቶች ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ ምን ላድርግ። መጣሁ፣ አለችው። ከመተማ ዮሐንስ በሚኒባስ መጥታ መገንጠያው ላይ ወርዳለች፣ አሁን በእግሯ ነች፣ ዋልካው መሬት ደርቆ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፣ ገና በጠዋቱ ፀሐዩ ማጅራት ይይዛል፣ ግራና ቀኝ ሰሊጡ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፣ ዛሬ ካልታጨደ ነገ፣ ነገም ካልታጨደ አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ዘርግፎ ይገላገላል፣ ይሄን የማያውቅ የለም፣ እነሱም ያውቃሉ፣ ታዲያ ምን ሆነው ነው የተኙት። ትነግራቸዋለች። ዛሬ ልክ ልካቸውን ትነግራቸዋለች።

ሐሳቡ እኮ ቀላል ነበር፣ ደግሞም የእሷ ነበር፣ ደምለው ባጃጁ ውስጥ ሲያወራው የራሱ ያስመስለዋል እንጂ። የመተማ ዮሐንስ ወጣቶች ተሰባስበው ከገላባት ወዲያ ላለች አንዲት የሱዳን መንደር የተበላሸ የእጅ ፓምፕ ሊያስጠግኑ ነው፣ የውጭ አገር የንጹሕ ውሃ ፕሮጀክት ብሎ ደምለው ባነሩ ላይ አጻፈው፣ ሳቀችበት፣ ውጭ አገር የምትለው ድልድዩን መሻገር ነው፣ ቢሆንስ አላት፣ ባንዲራው ሌላ አይደል? መናኸሪያ በር ላይ ባነሩን ዘርግተው ቆሙ፣ ባጃጅ አጠቡ፣ ጉምሩክ ተራ የሚጠብቁ የጭነት መኪና ሾፌሮችን አንድ በአንድ ለመኑ፣ የሰጠም አለ የሰደበም አለ፣ የእኛ ቧንቧ በሳምንት አንዴ እንኳ ሳያስል ለሱዳን ውሃ፣ አብዳችኋል እንዴ፣ እውነታቸውን ነው፣ አያስልም፣ የእሷም ቤት ጀሪካን ባዶ ነው፣ ግን እኛ ሲብስብን ከቦቴ እንገዛለን፣ እነሱ ከማን ይግዙ፣ ጦርነቱ ፓምፕ የሚጠግን ሰው አላስቀረላቸውም፣ ዝናብ ካቆረው ሀፊር፣ ከብቱ ገብቶ ከሚንቦራጨቅበት ኩሬ እየቀዱ ነው የሚጠጡት፣ ሕፃናቱ በተቅማጥ እያለቁ ነው። ጥገናውን የሚችለው አዛናው ነው፣ አዛናው ደግሞ ከነገ ወዲያ ጠዋት የዕቃው ገንዘብ ከተገኘ ወደ ገላባት፣ ካልተገኘ ሌላ ሥራ ወደሚጠብቀው ወደ ገለጉ ነው የሚሄደው፣ ገለጉ ከገባ በጋው ሳያልቅ አይወጣም፣ ያን ጊዜ ፓምፑ ቢጠገንስ ለማን ይሆናል።

ስለዚህ አሰበች። ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ ወርደው ሸሕዲ ላይ የተቀጠሩት የቀን ሠራተኞች በበዓል ሥራ አይነኩም፣ ልብሳቸውን አጥበው ዳስ ሥር ተጋድመው ይውላሉ፣ ዛሬ ጥቅምት አምስት፣ አቦ ነው፣ እንግዲያው ያን ባዶ ቀን ይስጡን፣ የአቶ ባንተአምላክን ሰሊጥ ይጨዱለት፣ እሱ የዕለቱን ደመወዝ ለጉድጓዱ ይክፈል፣ ሰሊጡም ይተርፋል፣ ፓምፑም ይጠገናል፣ ማንም ምንም አይጎድልበትም። ማንም ምንም አይጎድልበትም ስትል ወጣቱ ሁሉ አጨበጨበ፣ አቶ ባንተአምላክማ ከሁሉ አስበልጦ አጨበጨበ፣ ውሉንም ፈረመ፣ ለምን አያጨብጭብ። የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው ቢያድግልኝ ብቻ ሲነገረው እናያለን አለ፣ እሷም ሰውዬው ቁጥብ ስለሆነ ነው ብላ አለፈችው።

ከዚያች የሱዳን መንደር ረቢዓ ዛሬም ደውላለች። እንዴት ነሽ ያ ቢቲ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ እናትሽ ደህና ናት? ደህና ናት፣ ሐምዱሊላህ። ስለ ውሃው አንድ ቃል አትተነፍስም፣ ብትጠይቅ ምን አለበት፣ ብትቆጣ፣ የት ደረሰ ብትል፣ እንዲህ በደፈናው ስታመሰግን እኮ ነው አንጀት የምትበላው። ያኔም አልጠየቀችም፣ ስርጉት ከእናቷ ጋር ከገዳሪፍ አጨዳ ሲመለሱ፣ እናቷ መንገድ ላይ በወባ ተንቀጥቅጣ ስትወድቅ፣ መኪናው ሁሉ አቧራውን አልብሷቸው ሲያልፍ፣ ይቺ ረዥም ሴትዮ መጣች፣ ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ፣ ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው፣ ምንም፣ እናቷን ደግፋ ወስዳ የገመድ አልጋዋ ላይ አስተኛቻት፣ ራሷ መሬት ተኛች፣ ከዚያ ፓምፕ ውሃ እየቀዳች በቶቧ፣ በተከናነበችው ልብስ ጫፍ ግንባሯን ስታረጥብ ከረመች፣ ያኔ ስርጉት ልጅ ነች፣ የፓምፑን ድምፅ በሰማች ቁጥር እናቴ አልሞተችም ማለት ነው ትላለች፣ ረቢዓ ውሃ እየቀዳችላት ነው፣ ለሞተ ሰው ውሃ አይቀዳም። እናቷ ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ አቦን ልትሳለም ስትወጣ ነው የተለያዩት። በሕይወት አለች። በዚያ ውሃ አለች። ይሄን ለማን አስረድታ ትችለዋለች።

አቦን ትጠቅስባቸዋለች፣ አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚሻለው፣ የገጠር ሰው ጻድቅ ሲጠቀስበት ልቡ ይራራል። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከልጅነቷ ስታየው ያደገችው ሥዕል፣ ሰውነቱን ጠጉር የለበሰው አባት፣ በግራ በቀኙ አንበሶችና ነብሮች፣ ዓይኑ ላይ ያረፈችው ጥቁር ወፍ፣ የተጠማች ወፍ ከዓይኑ እንባ ያጠጣ ጻድቅ ነው በበዓሉ ቀን ለተጠማ ሰው አትሥሩ የሚለው? ይሄን ስትላቸው ምን ይመልሳሉ። ምንም አይመልሱም።

ዳሱ ሥር ሰው የለም። የታጠበ ጋቢና ቁምጣ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ወጥ ቤቷ ከድስቷ ቀና ብላ ታያታለች፣ የት ሄዱ፣ ወርደዋል፣ የት ወረዱ፣ ኸእማ አገኘሽ ማሳ፣ ምን ሊሠሩ፣ ሊያጭዱ ነዋ እቴ፣ ማሳ ወርደው ምን ሊሠሩ ኖሯል። ሊያጭዱ። በአቦ ቀን፣ ሊያጭዱ። ለእኛ እንቢ ብለው።

ትሮጣለች ማለት ይቻላል። እማ አገኘሽ ክረምት ላይ ባሏን ቀብራ ለሰሊጧ አጫጅ መቅጠር ያቃታት ሴትዮ ነች፣ ማሳዋ ከአቶ ባንተአምላክ ማሳ ጋር ሲነጻጸር እንደ መቀነት የቀጠነ ነው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው፣ በረድፍ ጎንበስ ብለው፣ ዜማ እየተቀባበሉ፣ ነዶው ይታሰራል፣ የታሰረው ተደጋግፎ ይቆማል፣ እማ አገኘሽ ከል እንደ ለበሰች ጠላ በጆግ ይዛ ከረድፍ ረድፍ ትመላለሳለች፣ ጠጡልኝ በሞቴ፣ ጠጡልኝ። ስርጉት ደሟ ይፈላል፣ ጠላ! በጠላ ነው የተገዙት?

አያ ቢያድግልኝ፣ እንዴት አደሩ። እግዜር ይመስገን፣ እንዴት አደርሽ እኅቴ፣ ካቦው ማጭዱን ሳያስቀምጥ ቀና ይላል። በአቦ ቀን ማጭድ አይነሳም ብለውን አልነበር፣ ይሄ በእጅዎ ያለው ምንድን ነው፣ ማጭድ አይደለም? ማጭድ ነው እንጂ። ታዲያ ለእኛ ሲሆን ብቻ ነው በዓል የሚሆነው? ላቡን በክንዱ ይጠርጋል፣ ቁጣ የለበትም፣ ይሄ እንዴት ሳይገባት ቀረ ብሎ የተገረመ ሰው ፊት ነው ያለው። እቴ፣ ባሏ ለሞተባት፣ ለታመመ፣ ለቤተስኪያን በበዓል ይሠራል፣ አባቶቻችንም ሲሠሩ ነው የኖሩ፣ ያ የባለሀብት ማሳ ነው፣ ትራክተሩን አቁሞ እያየሽው፣ ለሱ ዛሬ ኸወረድን በዓል ሽረናል፣ ገንዘቡ የትም ይሂድ የት። ታውቃለች እኮ! ጉዱ ይሄ ነው፣ ታውቃለች፣ አባቷ በማርያም ቀን የራሱን ማሳ ትቶ የዓይነ ስውሩን ጎረቤት ሲያርም አይታ ያደገች ልጅ፣ ከተማ ከገባች ወዲህ በዓል ማለት ሥራ የሌለበት ቀን ብቻ መስሎ ታያት።

ግን ይዛው የመጣችው ነገር አለ፣ ሳትለው አትመለስም። አያ ቢያድግልኝ፣ አቦ የተጠማችውን ወፍ አላጠጡም? ሳያጠጡ፣ ይላል፣ ያጠጡት ግን ኸራሳቸው ዓይን ነው። ይልና ጎንበስ ብሎ ማጨዱን ይቀጥላል፣ ሊያሳፍራት አይደለም፣ የተጠየቀውን መመለሱ ነው።

ከራሳቸው ዓይን። ትቆማለች። ማንም ምንም አይጎድልበትም፣ የተጨበጨበለት ይሄ ነበር፣ የአቦን ቀን ከሰው ለምና፣ የሰሊጡን ትርፍ ለሀብታም አድላ፣ ሁሉም ሳይሰጥ የሰጠ እንዲመስል፣ ለምን እንዲህ አሰበች፣ ለምን ተራ የሥራ ቀን አልጠየቀችም፣ መልሱን ታውቀዋለች፣ አፍራ ነው፣ ልጆቻቸውን አገር ቤት ትተው በረሃ የወረዱ ሰዎች የደመወዝ ቀናችሁን ስጡኝ ማለት ከብዷት ነው፣ እንቢ እንዳይሏት ፈርታ ነው፣ እንግዲህ እንቢም ተባለች፣ አልሞተችም። ነገ አለ። ነገ ተራ ቀን ነው። ከነገ ወዲያ አዛናው ይሄዳል። ጠይቂ። ስርጉት ጠይቂ፣ እንቢ ካሉ እንቢ ይበሉ።

ወንድሞቼ አንዴ ስሙኝ። ዜማው ይቆማል። ነገን ስጡኝ፣ ትላለች፣ ዛሬን አይደለም፣ ነገን፣ ሠርታችሁ የምታገኙትን የነገ ደመወዛችሁን፣ ለሱዳኖች ነው፣ አልዋሻችሁም፣ እስላሞች ናቸው፣ አታውቋቸውም፣ ውለታ የዋሉት ለእናንተ አይደለም፣ ለእኔ ነው፣ እናቴን ከመንገድ አንሥተው አትርፈውልኛል፣ አሁን ከብት የሚንቦራጨቅበት ውሃ እየጠጡ ነው፣ ልጆቻቸው እየሞቱ ነው። በቃ። ሌላ የምለው የለኝም።

አንዱ ማጭዱን በአውራ ጣቱ ይሞክራል፣ ሌላው መሬት ያያል። ትዕዛዙ የሚሉት የወሎ ሰው ነው መጀመሪያ የሚናገረው፣ ወባ ዓይኑን ቢጫ አድርጎታል፣ እኔስ አልችልም እኅቴ፣ ታምሜ ነው የከረምኩት፣ የተኛሁበት ቀን ከሠራሁበት ይበልጣል፣ ባዶ እጄን አልገባ። እሺ ወንድሜ፣ ትለዋለች፣ ከልቧ ነው።

አንቺስ፣ ይላል ቢያድግልኝ። እኔ ምን? ነገ የት ነሽ።

ነገ። ነገ ሰሊጥ የምታበጥርበት መጋዘን ነች፣ የት ትሆናለች፣ ዛሬ የመጣችውም መጋዘኑ ለአቦ ስለተዘጋ ነው፣ እሷም እኮ ባዶ ቀኗን ነው ይዛ የመጣችው፣ አለቃዋ ደግሞ በቀደም ለባነሩ ብላ ስትቀር ብሏታል፣ ከደገምሽ በሩን እንዳታንኳኪ፣ ብሎ የሚተው ሰው አይደለም። ሁሉም ያይዋታል። ስልኳን ታወጣለች። ሃሎ፣ ስርጉት ነኝ፣ ነገ አልገባም። ምን ሆንሽ፣ ታመሽ ነው? ታምሜ ነው ማለት ትችላለች፣ ቀላል ነው፣ አፏ ላይ ነው። አልታመምኩም፣ ሰሊጥ ላጭድ ነው። ሰሊጥ ልታጭጂ? እንግዲያው እዚያው እጨጂ፣ ከነገ ወዲያም እንዳትመጪ። ይዘጋል። ፈራች፣ እውነቱ ይሄ ነው፣ ለእናቷ ምን ብላ ትነግራታለች፣ ግን ስልኩን ኪሷ ትከታለች፣ ነገ እዚህ ነኝ አያ ቢያድግልኝ፣ ከእናንተ ጋር።

ካቦው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። የኔን ነገ ውሰጅ፣ ይላል፣ ትናንት ብትጠይቂንም ትናንትን እንሰጥሽ ነበር። የኔንም፣ ይላል አንዱ ከኋላ፣ የኔንም፣ ሁሉም አይደሉም፣ ወደ ረድፋቸው የተመለሱ አሉ፣ ቅር አይላትም፣ የሰጡት ይበቃሉ፣ ባይበቁም ማታ ከተማውን ትዞርበታለች። ደምለው፣ ሃሎ፣ አዛናውን ያዘው፣ እንዳይሄድ፣ አቶ ባንተአምላክን ነገ ና በለው፣ የፈረምነው ይጸናል በለው፣ ቲሸርቱንስ፣ ቲሸርቱን ተወውና ማጭድ ፈልግ፣ ለራስህ፣ አዎ ለራስህ።

እማ አገኘሽ የሟች ባሏን ማጭድ ታቀብላታለች። ስርጉት ባዶ ባገኘችው ረድፍ ትገባለች፣ ከትዕዛዙ አጠገብ ነው፣ አይተያዩም፣ ጎን ለጎን ያጭዳሉ፣ እጇ ቶሎ አይታዘዝላትም፣ እሱ እየቀደማት ይሄድና ቆሞ ይጠብቃታል፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ እኅቴ፣ እስከ ምሳ፣ ነገ እስከ ምሳ ያለውን የኔንም ያዢው። ተወው ልትለው ነው፣ ልጆች አሉህ፣ ታመሃል፣ ዓይንህን እያየሁት፣ ግን አትለውም። ሰጥቷል። ማን ናትና ትመልስበታለች። እሺ አያ ትዕዛዙ፣ እስከ ምሳ፣ ትለዋለች፣ አንድ ጭብጥ ሰሊጥ ከሥሩ ትይዛለች፣ ታጭዳለች።